የጭቃ ቤትና የብሎኬት ቅጥያ ሲገናኙ

ከደብረ ማርቆስ የጻፉልን አንባቢ፣ ከአባታቸው የወረሱትን የጭቃ ቤት ዘመናዊ ለማድረግ ከሦስት ዓመት በፊት ከውጭም ከውስጥም በሲሚንቶ አስለስነው በጎኑ የብሎኬት ሳሎን ቀጥለውበታል። አሁን ልስኑ እየተላቀቀ፣ የግድግዳው እግር እየረጠበ፣ ጭቃውና ብሎኬቱ የተጋጠሙበትም ቦታ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ሁለት ጊዜ በሲሚንቶ ቢያስደፍኑትም ተመልሶ ስለተከፈተ፣ ቤቱን አፍርሰው በብሎኬት ይሠሩት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ክቡር ሆይ፣ አብዛኞቹ ቋሚዎች ጤነኛ ከሆኑ ቤቱን አያፍርሱት። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰበሰባል፤ ቋሚውና ማገሩም አብረውት ይንቀሳቀሳሉ። ሲሚንቶ ግን አንዴ ከጠነከረ በኋላ ይህን እንቅስቃሴ ስለማይከተል ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብና ከመሬት የተሳበው እርጥበትም ከልስኑ ኋላ ታስሮ ይቀራል። ልስኑ ከውጭ ደህና መስሎ ሳለ እንጨቱ ከሥር የሚበሰብሰው፣ ምስጥም የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሥራውን ከቋሚዎቹ ይጀምሩ። የሲሚንቶውን ልስን ከግድግዳው እግር በኩል አንሥተው እያንዳንዱን ቋሚ በቢላዋ ጫፍ ይውጉት፤ ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቋሚ፣ ጣሪያው አስቀድሞ በጊዜያዊ ድጋፍ ከተያዘ በኋላ፣ የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መቀመጫ ላይ ይቁም፤ ከመቀመጫውም ጋር በብረት ይታሰር።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ ሲሚንቶ መጨመር ጭራሽ አይፈታውም። ብሎኬቱ የራሱ የድንጋይ መሠረት አለው፤ የጭቃው ቤት ቋሚዎች ደግሞ አፈር ውስጥ የተተከሉ ናቸው፤ ሁለቱ እኩል ስለማይሰጥሙ አንድ ላይ ሊታሰሩ አይገባም። መጋጠሚያውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍተው፣ በሚለጠጥ መሙያ ይሙሉት፤ በላዩም የሚሸፍነውን ጣውላ ይምቱበት። ጣውላው በአንዱ ወገን ግድግዳ ላይ ብቻ መመታት አለበት፤ በሁለቱም ወገን ከተመታ ግን ጣውላው ራሱ ይሰነጠቃል ወይም ሚስማሩ ይነቀላል።

ልስኑን ሲያድሱ የቀረውን ሲሚንቶ አንሥተው፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀናት በቆየ ጭቃ ግድግዳውን ያስመርጉት። ጭቃው በሚደርቅበት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ፣ አስቀድመው በግድግዳው ጥግ ላይ በተለያየ መጠን አሸዋና ጭድ እየቀላቀሉ ትናንሽ ሙከራዎች ያድርጉ፤ ያልተሰነጠቀውን ይምረጡ። ከደረቀ በኋላ አንድ እጅ የተጠፋ (ውሃ ተጨምሮበት የበረደ) ኖራና ሦስት እጅ አሸዋ ቀላቅለው በሁለት ቀጭን ሽፋን ይለስኑት፤ ለጥቂት ቀናትም በጥላ እያረጠቡ ይጠብቁት። ኖራ ከሲሚንቶ ይልቅ ለስላሳ ከመሆኑም በላይ እርጥበትን ስለሚያሳልፍ ጭቃውን አይቃወመውም። የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎንደር ግንቦችም በኖራ የተገነቡ ናቸው፤ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቤትዎ ዘመናዊ መልክ እንዲኖረው መፈለግዎ ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ገንዘቡ በጣሪያው ላይ ቢውል እመርጣለሁ። በቡርኪና ፋሶ፣ በጋንዶ መንደር በ2001 በአውሮፓ አቆጣጠር የተጠናቀቀውና በዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ የተነደፈው ትምህርት ቤት በሸክላ አፈር ጡብ የተገነባ ሲሆን፣ ቆርቆሮው ከኮርኒሱ በላይ በብረት ከፍ ተደርጎ ከግድግዳው ርቆ ይወጣል፤ በመሃሉ አየር ያልፋል፣ ግድግዳውም ከዝናብ ይጠበቃል። ንድፍ አውጪው በ2022 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በሥነ ሕንፃ ሙያ ታላቅ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት አግኝቷል። እርስዎም ታዛውን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያውጡት፣ አሸንዳ ይግጠሙለት፤ ውሃው ከግድግዳው እግር እንዲርቅም ቦይ ያስቆፍሩ። ይህ ሁሉ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ይሠራ፤ ኖራው እስከ በልግ ድረስ በቂ የመጠንከሪያ ጊዜ ያገኛል።