ላክቴት፣ ማይቶኮንድሪያና የዘር ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

በዘር ስለሚወረሱ የማይቶኮንድሪያ (በህዋስ ውስጥ ጉልበት የሚያመርቱ ክፍሎች) እና የሜታቦሊዝም (ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጥበት ሂደት) በሽታዎች የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የመድኃኒት መጠን የጠቀስኩት ከሐኪም ጋር ለመነጋገር እንዲረዳችሁ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጀመር አይደለም።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ የላክቴት ውጤት 4.1 ሆነ። ሐኪሙ «ይደገም» አሉ። ልጁን እንደገና መውጋት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ልክ ናቸው፣ ይደገም። ላክቴት ግሉኮስ (ስኳር) ያለ ማይቶኮንድሪያ እገዛ ሲፈጭ የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ ማይቶኮንድሪያ ሲደክም ደም ውስጥ ሊከማች ይችላል። ያረፈ ሰው ላክቴት ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ2 ሚሊሞል በታች ነው። ነገር ግን ልጅ እያለቀሰና እየተራገጠ፣ ክንዱም በማሰሪያ ጠብቆ ደም ከተቀዳ ጡንቻው ራሱ ላክቴት ያመርታል፤ ጤነኛ ልጅም በዚህ ሁኔታ 4 ሊያወጣ ይችላል። ሲደገም መጀመሪያ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቆይ ቀጭን ቱቦ) ይግባለት፣ እቅፍዎ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ፣ ከዚያ ያለ ማሰሪያ ይቀዳ። ተረጋግቶም ደጋግሞ ከፍ ካለ ያኔ ጥርጣሬው ክብደት ያገኛል። ላክቴቱ ልክ ሆነ ማለት ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ላክቴት የማይጨምርባቸው የማይቶኮንድሪያ በሽታዎች ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ፦ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦ አለን፣ በረዶ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ውጤቱ ይበላሻል?

መልስ፦ ግራጫው ካለ ትልቁ ችግር ተቃልሏል። ቀይ የደም ህዋስ ማይቶኮንድሪያ የለውም፤ ጉልበት የሚያገኘው ግሉኮስን ወደ ላክቴት እየለወጠ ነው። ይህንን ሥራውን ቱቦ ውስጥ ገብቶም አያቆምም። ግራጫው ቱቦ ውስጥ ያለው የፍሎራይድ ዱቄት ኢኖሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ይገታል። ኢኖሌዝ ያለው ወደ ሂደቱ መጨረሻ ስለሆነ ላክቴቱ ቶሎ ይቆማል፤ ከእሱ በፊት ያሉት ደረጃዎች ግን ስለሚቀጥሉ ግሉኮሱ ለአንድ ሁለት ሰዓት መውረዱን አይተውም። ብዙ ሰው የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፦ ያው ቱቦ ለላክቴት ጥሩ፣ ለስኳር ደካማ። ቱቦው እስከ ምልክቱ ይሞላ፣ ወዲያውም ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገልበጥ፤ አለዚያ ዱቄቱ ታች ተጋግሮ ይቀራል። ያለው የሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ቱቦ ብቻ ከሆነ በረዶ ግድ ነው፣ ፕላዝማውም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በ15 ደቂቃ ውስጥ ይለይ።

ከላክቴት ጋር አብሮ የሚለካው ፓይሩቬት፣ ማለትም ግሉኮስ ወደ ላክቴት ከመለወጡ በፊት የሚሆነው ንጥረ ነገር፣ ሌላ ጣጣ ነው። ደሙ እንደተቀዳ እዚያው አልጋው አጠገብ ቀዝቃዛ ፐርክሎሪክ አሲድ ውስጥ ካልገባ ይጠፋል። ይህ ካልተቻለ ባይላክ ይሻላል፤ ፓይሩቬቱ ጠፍቶ ላክቴቱ ለፓይሩቬት ሲካፈል የሚወጣው ትልቅ ቁጥር የሌለ በሽታ ያሳያል።

ጥያቄ፦ የማይቶኮንድሪያ በሽታ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው? የባለቤቴ ዘመዶች እኔን እየወቀሱኝ ነው።

መልስ፦ እናትን መውቀስ በምንም መንገድ ተገቢ አይደለም፣ አባባሉም ግማሽ እውነት ነው። ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያው የራሱ ዲኤንኤ ነው፤ በውስጡ ያሉት ዘረ መሎች 37 ብቻ ናቸው። ማይቶኮንድሪያ የሚሠራባቸው ከ1,000 በላይ ፕሮቲኖች ግን የሚታዘዙት በህዋሱ ኒውክሊየስ ካለው ዲኤንኤ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሁለቱም ወላጅ ይመጣል። በልጅነት የሚጀምሩት አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የሚወረሱ ናቸው፦ ሁለቱም ወላጆች ጤነኛ ተሸካሚ ሆነው በእያንዳንዱ እርግዝና 25 በመቶ ዕድል። ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት ይህንን አደጋ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ጥያቄ፦ እህቴ 3243 የተባለው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሚውቴሽን (በሽታ የሚያመጣ ለውጥ) ተገኘባት። የእኔ ደም ነጻ ነው ተባለ። 41 ዓመቴ ነው። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት፣ ሽንትዎ ይመርመር። በአንድ ህዋስ ውስጥ ጤነኛውና የተለወጠው ዲኤንኤ ተቀላቅለው ይኖራሉ፤ ድርሻቸውም ከአካል ክፍል አካል ክፍል ይለያያል። ይህ ሚውቴሽን ከደም ውስጥ በዕድሜ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ከሽንት ጋር የሚወጡት ህዋሳት የተሻለ ይናገራሉ። ከተገኘብዎ የመስማት ምርመራ፣ የስኳር ምርመራና የልብ ኢሲጂ ይከተላሉ። ስኳር ካለብዎ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሚውቴሽኑን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ላክቴት ሊያስጨምር ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ለምርምር የኢትዮጵያውያንን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አንብበን በአንድ ናሙና ከ80 በላይ ልዩነት አገኘን። ሁሉም ሚውቴሽን ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የዘር ሐረግ ምልክት ነው። ልዩነት የሚቆጠርበት ማነጻጸሪያ ዲኤንኤ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ካምብሪጅ ላይ ተነቦ በ1999 የታረመው ነው፣ እሱም የአውሮፓ ሐረግ ነው። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ኤል ከሚባሉት ጥንታውያን የአፍሪካ ሐረጎች ይወለዳል፣ ስለዚህ ከማነጻጸሪያው መራቁ የሚጠበቅ ነው። መጀመሪያ ሐረጉን ለዩ፣ የሐረጉን ምልክቶች ቀንሱ፣ ከዚያ የቀሩትን ጥቂቶች መርምሩ። ከ5 በመቶ በታች የሚታየውን ቅልቅል ደግሞ አትመኑት፤ ኒውክሊየስ ውስጥ የተሸጎጡ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቅጂዎች በአጫጭር ፒሲአር (ዲኤንኤን ቁራጭ በቁራጭ የማባዣ ዘዴ) አብረው ይባዛሉ። ሙሉውን 16,569 ፊደል በአንድ ወይም በሁለት ረጃጅም ቁራጭ ማባዛት ይህንን በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ለማይቶኮንድሪያ ምርመራ የተወሰደ የጡንቻ ናሙና በፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ቢላክስ?

መልስ፦ የኢንዛይም ምርመራው አበቃለት። ናሙናው በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ ኢሶፔንቴን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ይቀዝቅዝ። በቀጥታ ናይትሮጅኑ ውስጥ ከተጣለ ዙሪያውን የጋዝ ሽፋን ስለሚፈጠር ቅዝቃዜው ይዘገይና የበረዶ ቅንጣት ጡንቻውን እንደ እንጀራ ዓይን ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ መድኃኒት አለው ወይስ የለውም?

መልስ፦ ለአብዛኞቹ የለም። የሚድኑ ወይም የሚገቱ ጥቂቶች ስላሉ ግን እነሱን ማሳለፍ ነው ይቅር የማይባለው። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ከሳዑዲ ዓረቢያ የተዘገበው፣ በትኩሳት ሰበብ ልጅን በድንገት የሚጥለው የአንጎል በሽታ አንዱ ነው። ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ወደ ህዋስ የሚያስገባው ማጓጓዣ ስለሚበላሽ ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ቲያሚን በኪሎ እስከ 40 ሚሊግራም በቀን ይሰጣል። የዘር ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመራል፣ የሚወስዱትም ዕድሜ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ መራቅ ያለብንን ንገሩን። ጾምስ?

መልስ፦ ፖልጂ የተባለው ዘረ መል ላይ ችግር ካለ ቫልፕሮት የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጉበትን ሊገድል ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ስላለ ብቻ እንዳይሰጥ። 1555 የተባለው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሚውቴሽን ያለበት ሰው ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ከወሰደ መስማት ሊያቆም ይችላል። ላክቴቱ ከፍ ላለ ሕመምተኛ ሪንገር ላክቴት (ላክቴት ያለበት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) አይንጠልጠልለት። ሲያስመልሰውና አልበላ ሲል 10 በመቶ ግሉኮስ ከጨው ጋር ይሰጠዋል፤ ፓይሩቬትን ወደ ጉልበት የሚያስገባው ኢንዛይም፣ ፓይሩቬት ዲሃይድሮጅኔዝ፣ የጎደለው ሰው ግን በግሉኮስ ይብስበታል፣ ስለዚህ ይህ በካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፍ።

ጾሙን በተመለከተ ጎጂው ሽሮው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ሰውነት ሳይበላ ሲውል ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ የእነዚህ ሕመምተኞች ድክመት ደግሞ እዚያው ላይ ነው። የንስሐ አባትን አስፈቅዶ የጾም ምግብ በሰዓቱ መብላት፣ ሌሊትም ከመተኛት በፊት አጥሚት መጠጣት ብዙዎችን ያስማማል። ለረመዳንም ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ መዋል አይፈቀድላቸውም።