መልስ፦ የዳታቤዝ ኮንፊግ አንድ ቦታ ስለማስቀመጥ
ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ሦስቱ ሰርቨሮች ላይ የተበታተነውን የዳታቤዝ ኮንፊግ (አፖቹ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኙበትን ሴቲንግ) ሰብስቤ አንድ ጊት ሪፖ (የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚይዝ ማከማቻ) ውስጥ ልክተተው ወይ ነው አይደል? ክተተው፣ ፓስወርዱ ሲቀር።

የሆስት ስም፣ ፖርት፣ የፑል መጠን (ተከፍተው የሚጠብቁ ኮኔክሽኖች ብዛት)፣ ታይምአውት ጊት ውስጥ ቢገቡ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ሌሊት ሲስተሙ ሲያስቸግር ማን ምን እንደቀየረ ሎጉ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል። ፓስወርድ ግን አንዴ ኮሚት ከተደረገ (ጊት ውስጥ ከተመዘገበ) ፋይሉን ብታጠፋውም ታሪኩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። እንደዛ ከሆነብህ ለመደበቅ አትልፋ፣ ቶሎ ቀይረው። የፓስወርድ ቦታው ቮልት ነው፣ ሚስጥር የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር። ቮልት ከፈለግክ ለእያንዳንዱ አፕ ጊዜው ሲያልቅ የሚሰረዝ የዳታቤዝ ዩዘር ራሱ ይፈጥርልሃል።

ዳታቤዙ ውስጥ ቴብል ሠርተህ አስቀምጠው የሚልህም አይጠፋም። ለሌላው ሴቲንግ ይሁን፣ የዳታቤዙን አድራሻና ፓስወርድ ግን እዛው ቆልፈህበት በምን ልትከፍተው ነው?

ስፕሪንግ ቡት (የጃቫ አፕ መሥሪያ) ነው የምጠቀመው ስላልክ የኮንፊግ ሰርቨሩ ስፕሪንግ ክላውድ ኮንፊግ ይበቃሃል፤ ጊቱን አንብቦ ለአፖቹ ያድላል፣ ብዙ ጊዜ በ8888 ፖርት። አንድ ነገር ልብ በል፤ አፑ ኮንፊጉን ከሰርቨሩ የሚያስመጣበት መስመር (ኢምፖርቱ) ላይ «ኦፕሽናል» ካላልክ ኮንፊግ ሰርቨሩ ሲተኛ አፑም አይነሳም። እኔ ብሆን አልለውም፣ በተሳሳተ ሴቲንግ ከሚነሳ ባይነሳ ይሻላል። ደግሞ ፋይሉን ስለቀየርክ ብቻ የተከፈተው ኮኔክሽን ፑል አይቀየርም፣ አፖቹን ተራ በተራ ሪስታርት አድርጋቸው።