ሁለት ቋንቋ መቻል እና በሁለት ቋንቋ ማስተማር

ጥያቄሽ በአጭሩ ይኼ ነው፦ የሒሳብ መምህርነት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ አንዱን ቋንቋ ከቤት፣ ሌላውን ከትምህርት ቤት ይዘሽ አድገሻል፤ ስትመረቂ በሁለት ቋንቋ በሚያስተምር ትምህርት ቤት መቀጠር ትፈልጊያለሽ። ሁለቱን ቋንቋ መቻልሽ ይበቃ እንደሆነ፣ የትኛው ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሚሻልሽ፣ ማስተርስ መቅደም አለበት ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። አጎትሽ ደግሞ «ልጅን በሁለት ቋንቋ ማስተማር ማደናገር ነው» ስላሉሽ ማመንታት ጀምረሻል።

የአጎትሽ ጉዳይ ቶሎ ስለሚያልቅ ከእሱ ልጀምር። እሳቸው የሚሉት በአንድ ወቅት የምሁራንም እምነት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት እንደሚያመጡ ይናገሩ ነበር። ችግሩ ግን የድሃ ስደተኛ ልጆችን ከተደላደለ ቤተሰብ ልጆች ጋር ማወዳደራቸው ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ባልበረቱበት ቋንቋ እየፈተኑ። በ1962 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ፒል እና ዋላስ ላምበርት በካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ ውስጥ በኑሮ ደረጃ የሚመሳሰሉ የ10 ዓመት ልጆችን ሲያወዳድሩ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ሁለቱንም አጥርተው የሚናገሩት በልጠው ተገኙ። ይህን ይዘሽ ግን ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ «ሁለት ቋንቋ አእምሮን ይስላል» እያልሽ አትፎክሪ። ሁለት ቋንቋ መናገር ትኩረትን ለመቆጣጠር ይረዳል የሚባለው ነገር ዛሬም ተመራማሪዎችን እያከራከረ ነው። «ልጁን አይጎዳውም፤ ሁለት ቋንቋ ደግሞ ያተርፋል» ማለት በቂ ነው።

ሁለቱን ቋንቋ መቻልሽ ይበቃል ወይ? አይበቃም። እስቲ አንድ ነገር ሞክሪ። በር ዘግተሽ፣ ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮችን ለመደመር ታህታቸውን ማመሳሰል ለምን እንደሚያስፈልግ በቤት ቋንቋሽ ጮክ ብለሽ አስረጂ፤ ስልክሽ ላይም ቅጂው። ከዚያ በትምህርት ቤት ቋንቋሽ ድገሚውና ሁለቱን አዳምጪ። ከቤት ብቻ ይዘነው ያደግነው ቋንቋ ለቀልድም፣ ለቁጣም፣ ለለቅሶም ሙሉ ነው፤ «ይህ እውነት የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው» ወደሚለው ሲመጣ ግን ያንተባትባል። ስትንተባተቢ ካገኘሽው ጥፋቱ የቋንቋውም የአንቺም አይደለም፤ በዚያ ቋንቋ ሒሳብ አልተማርሽማ። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ በዚያ ቋንቋ የተጻፉ የሒሳብ መማሪያዎች ካሉ ከታች ክፍል ጀምረሽ አንብቢ፣ የትምህርት ዕቅድ በዚያው ቋንቋ ጻፊ፣ በቋንቋው ለሚያስተምር ሰው ሰጥተሽ አሳርሚ። እስክትመረቂ ያለሽን ጊዜ በዚህ ብታሳልፊው ከማንኛውም የአጭር ጊዜ ሥልጠና የበለጠ ይጠቅምሻል።

በራስሽ ላይ ያየሽው ክፍተት ነገ በተማሪዎችሽ ላይ ይመጣል። ጂም ከሚንስ የተባለው ምሁር ከ1979 ጀምሮ የለያቸው ነገሮች አሉ፤ የጨዋታ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ በ2 ዓመት ገደማ ከእኩዮቹ ጋር አፉን ፈትቶ ይጫወታል፤ በትምህርት ቋንቋ እኩዮቹ ላይ ለመድረስ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስድበታል። በመካከል ባሉት ዓመታት ነው ብዙ ልጅ የሚበደለው። በእረፍት ሰዓት ሲቀልድ የሰማው መምህር «ቋንቋውንማ ይችላል» ይልና፣ በቃላት የተጻፈውን የሒሳብ ጥያቄ ሲስት «ሒሳብ አይገባውም» ብሎ ይደመድምበታል። በሁለት ቋንቋ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር የሚፈለገው ልጁ የከበደው ቁጥሩ ይሁን ዓረፍተ ነገሩ ለይቶ እንዲያውቅ ነው። ለቀጣሪ የምታሳዪው ችሎታሽም ይህ ይሁን።

የትምህርት ቤት ምርጫ ላይ ስንደርስ፣ በር ላይ የተጻፈው ስም አያታልልሽ። «በሁለት ቋንቋ እናስተምራለን» የሚሉ ትምህርት ቤቶች ግባቸው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። የሽግግር የሚባለው ዓይነት በልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይጀምርና ከጥቂት ዓመት በኋላ ይተወዋል፤ የመጀመሪያው ቋንቋ ድልድይ ነው። ሌሎች እስከ መጨረሻው ሁለቱንም ይዘው ይዘልቃሉ። የሁለቱን ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች በአንድ ክፍል አስቀምጠው እርስ በርስ እንዲማማሩ የሚያደርጉም አሉ፤ በ1963 ማያሚ ውስጥ በኮራል ዌይ ትምህርት ቤት የኩባ ስደተኞች ልጆችና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህ መንገድ ተምረዋል።

ኢመርሽን ላይ፣ ማለትም ልጁ ትምህርቱን ከመጀመሪያው በአዲስ ቋንቋ የሚማርበት ዓይነት ላይ ግን ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። በ1965 ሞንትሪያል አጠገብ ባለችው ሴንት ላምበርት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ጠይቀው ልጆቻቸው ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ ጀመሩ። ልጆቹ በእንግሊዝኛቸው ወደኋላ አልቀሩም፤ ፈረንሳይኛውንም በሚገባ ያዙ፣ አነጋገራቸውና ጽሑፋቸው ግን እንደ ተወላጆቹ አልጠራም። ይህን ውጤት ጠቅሶ «እንግዲያው የስደተኛውንም ልጅ በአዲሱ ቋንቋ ብቻ እናስተምረው» የሚል ብዙ ነው። ነገሩ ግን አይገናኝም። የሴንት ላምበርት ልጆች ቋንቋ በቤት፣ በመንገድ፣ በሥራ ቦታ የሚከበር ነበር፤ ማንም አይነጥቃቸውም። መምህሮቻቸውም የልጆቹን ቋንቋ ይረዱ ነበር። የስደተኛው ልጅ ቋንቋ ግን ትምህርት ቤቱ ካልደገፈው ሌላ ደጋፊ የለው ይሆናል።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ አንቺም ጠይቂ። ልጆቹ ማንበብ የሚጀምሩት በየትኛው ቋንቋ ነው? የሒሳብ ፈተናው በምን ቋንቋ ይሰጣል? የመጀመሪያው ቋንቋ የሚቆመው ስንተኛ ክፍል ላይ ነው? መጽሐፍ በሁለቱም አለ ወይስ መምህሩ ሌሊት እየተረጎመ ያዘጋጃል? የመጨረሻውን በተለይ አትዝለዪው፤ ሁለት ቋንቋ የሚችል መምህር ያለ ተጨማሪ ክፍያ የትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀርበት ቦታ ሞልቷል፤ ለወላጅ ስብሰባም፣ ለደብዳቤም፣ ለሁሉም እሱ ነው የሚጠራው። ሁለቱ ቋንቋዎች በምን እንደተከፋፈሉም እወቂ፤ በሰዓት፣ በመምህር ወይስ በትምህርት ዓይነት። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወዲያው ተርጉሚ የሚሉሽ ከሆነ ልጆቹ የሚቀላቸውን እየጠበቁ ሌላውን አይሰሙትም። በ1990ዎቹ ኬን ዊልያምስ የተባለ የትምህርት ምሁር ዌልስ ውስጥ የገለጸው አሠራር፣ በአንዱ ቋንቋ አንብቦ በሌላው መጻፍ፣ ከዚያ የተለየ ነው፤ ልጁ ሳይገባው መጻፍ አይችልም።

የሒሳብ መምህርነት ፈቃድሽን ደግሞ ሳትይዢ እንዳትቀሪ። ይህ መስክ ለፖለቲካ የተጋለጠ ነው። ካሊፎርኒያ በ1998 በሕዝብ ድምፅ የሁለት ቋንቋ ትምህርትን አጥብቃ ገደበች፤ በ2016 ደግሞ በሌላ ድምፅ ገደቡን አነሳች። በመካከሉ የመምህራን ሥልጠናው ቀዝቅዞ ስለነበር፣ በሩ ሲከፈት መምህር ማግኘት ራሱ ችግር ሆነ። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ተፈላጊ ነሽ፤ ተቃራኒው ሲመጣም ሒሳብ የትም ይቀጥርሻል።

ማስተርሱን አሁን አልመክርሽም። አንድ ሁለት ዓመት አስተምሪና የቱ እንደሚስብሽ እዪ፤ መጻሕፍት ማዘጋጀት፣ ፈተና ማውጣት ወይስ ክፍሉ ራሱ። ሦስቱ የሚጠይቁት ማስተርስ አንድ አይደለም።