ለንዑስ ተቋራጭ በየሳምንቱ መክፈል የግብር ሥራ ያበዛልን?

ጥያቄ፦ በለንደን ከተማ በቀለም ቅብና በግድግዳ ልስን ሥራ የተሰማራሁ አነስተኛ ተቋራጭ ነኝ። በንዑስ ተቋራጭነት አብረውኝ የሚሠሩ ሦስት የአገሬ ልጆች አሉ። እስከ ዛሬ ሒሳባቸውን የምሰጣቸው በወር አንድ ጊዜ ነበር፤ አሁን ግን የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ስለከበዳቸው በየሳምንቱ ዓርብ እንድከፍላቸው እየጠየቁኝ ነው። እኔም ባደርገው ደስ ይለኛል። ነገር ግን አንድ የሙያ ጓደኛዬ «በከፈልክ ቁጥር ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ሊኖርብህ ነው፤ በዚያ ላይ ተቀጣሪ ያስመስላቸዋል» አለኝ። እውነት ነው? የምቀንሰው ግብርስ ይለወጣል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኛዎ ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶችን ሳያቀላቅሉ አልቀሩም። በብሪታኒያ ደመወዝተኛ የቀጠረ አሠሪ በእያንዳንዱ የክፍያ ቀን ወይም ከዚያ አስቀድሞ ለግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም ለኤችኤምአርሲ፣ ማሳወቅ አለበት። የግንባታ ንዑስ ተቋራጭ ግን የሚታየው ሲአይኤስ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ይህም አገር ቤት «ዊዝሆልዲንግ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል። በሲአይኤስ ማሳወቂያው የሚገባው በወር አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በወሩ ውስጥ አንዴም ይክፈሉ አምስቴ፣ በእያንዳንዱ ሰው ስም የሚሞሉት የወሩን ድምር ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው የወሩ አቆጣጠር ላይ ነው። የግብር ወር የሚጀምረው በ6ኛው ቀን፣ የሚያበቃውም በተከታዩ ወር በ5ኛው ቀን ነው። ክፍያው ወደየትኛው ወር እንደሚገባ የሚወስነውም ሥራው የተሠራበት ቀን ሳይሆን ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ነው። ለምሳሌ ዓርብ ጁን 5 ላይ ቢውልና በዚያው ዕለት ቢከፍሉ፣ ሒሳቡ በሜይ 6 ከጀመረው ወር ጋር ተደምሮ እስከ ጁን 19 ድረስ ይታወቃል፤ ቅዳሜ ጁን 6 ቢከፍሉ ግን ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል። ማሳወቂያው አንድ ቀን እንኳ ቢዘገይ 100 ፓውንድ ያስቀጣል፤ ሁለት ወር ከሞላው ሌላ 200 ይጨመርበታል።

የተቀናሹ መጠንም በክፍያው ድግግሞሽ አይለወጥም። በሲአይኤስ ከተመዘገበ ንዑስ ተቋራጭ 20 በመቶ፣ ካልተመዘገበ 30 በመቶ ይቀነሳል፤ ያለ ቅናሽ እንዲከፈለው ፈቃድ ካገኘ ደግሞ ምንም አይቀነስበትም። የትኛው እንደሚመለከተው የሚነግርዎ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ለአዲስ ሰው የመጀመሪያውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ማጣራት ግዴታዎ ሲሆን፣ በየሳምንቱ እየደጋገሙ ግን አያጣሩም። በርካታ ወገኖቻችን የሚጎዱት ቀጥሎ በምናነሳው ስሌት ነው። ከሦስቱ አንዱ የ900 ፓውንድ ሒሳብ ቢያቀርብልዎና 200ው በራሱ ገንዘብ የገዛው ቀለም ቢሆን፣ ግብሩ የሚቀነሰው ከ700 ፓውንዱ የጉልበት ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ከተመዘገበ 140 ተቀንሶ 760 ይደርሰዋል፤ ካልተመዘገበ 210 ተቀንሶ 690 ብቻ ይደርሰዋል። ከጠቅላላው 900 ላይ ቀንሰው የሚከፍሉ ተቋራጮች ሰውየው ቀለም የገዛበትን ገንዘብ ሳይቀር ግብር ያስከፍሉታል፤ እርስዎ ይህን እንዳያደርጉ አደራ እንላለን። ስለዚህ የዕቃውን ደረሰኝ ይጠይቁና ከሒሳቡ ጋር ያያይዙት።

በየሳምንቱ ለመክፈል ሲወስኑ የቀነሱትንም በዚያው ዕለት ለብቻው በሌላ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጡ። ገንዘቡ የእርስዎ አይደለም፤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሲከፈል እስከ ወሩ 22 ድረስ ገቢ መሆን አለበት። ለመሥሪያ ቤቱ የሚከፍሉት በአማካይ በወር ከ1,500 ፓውንድ በታች ከሆነ በየሦስት ወሩ እንዲከፍሉ ይፈቀድልዎታል፤ ማሳወቂያው ግን ያኔም ወርኃዊ እንደሆነ ይቀጥላል። ለእያንዳንዱም ሠራተኛ የተከፈለውንና የተቀነሰውን የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ የግብር ወሩ ካበቃ በ14 ቀናት ውስጥ ይስጡት፤ ለወሩ በሙሉ አንድ ወረቀት ይበቃል። ይህ ወረቀት በእጁ ከሌለ በዓመቱ መጨረሻ የራሱን ግብር ሲያሳውቅ ምን ያህል እንደተቀነሰበት ማስረዳት ይቸገራል፤ ከዓመታዊ ትርፉ የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ የገቢ ግብር ስለማይታሰብበት ደግሞ በርካቶች የሚመለስላቸው ገንዘብ አለ።

ሕጉ በየሳምንቱ ይከፈል ብሎ አያስገድድም። ይሁንና 45 ቀንና ከዚያ በላይ ለሚወስድ የግንባታ ሥራ ንዑስ ተቋራጩ ሥራው እስኪያልቅ ሳይጠብቅ በየደረጃው የመከፈል መብት እንዳለው በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ይደነግጋል። «ባለቤቱ ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» የሚለው የተለመደ ውልም፣ ባለቤቱ ከስሮ ካልሆነ በቀር፣ በዚሁ ሕግ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በየሳምንቱ ለመክፈል ማሰብዎን እኛ በሙሉ ልብ እንደግፋለን፤ የግድግዳ ልስን የሚሠራ ሰው ጉልበቱን ሰጥቶ ሠላሳ ቀን እየተበደረ እንዲኖር የሚያስገድድ የግብር ምክንያት የለም።

ተቀጣሪ ያስመስላቸዋል የተባለውን በተመለከተ፣ የክፍያው ድግግሞሽ ብቻውን አይወስንም። የሚመዘነው ሥራውን ሌላ ሰው ተክተው ማሠራት መቻላቸው፣ በራሳቸው መሣሪያ መሥራታቸው፣ የተበላሸውን በራሳቸው ወጪ ማስተካከላቸው፣ ሌላ ሥራም የመያዝ ነፃነታቸው ነው። በየወሩ ማሳወቂያ ሲሞሉ ይህን ማመዛዘንዎን ራስዎ ስለሚያረጋግጡ፣ ከመጀመሪያው ዓርብ በፊት ከሦስቱም ጋር ተቀምጠው ነጥቦቹን በውል ላይ በጽሑፍ ያስፍሩ፤ በተግባር የሚሠሩትም በውሉ መሠረት ይሁን። መልሱ «እንደ ተቀጣሪ ነው የሚሠሩት» ወደሚለው ካደላ ግን፣ ክፍያው በወር ቢሆንም እንኳ ሲአይኤስ አይመለከታቸውም፤ በደመወዝ መዝገብ ሊያስገቧቸው ይገባል።