ነጭ ሁሉ ጨው አይደለም፦ ስለ በረሃ ተፋሰስ ኖራማ አፈር ጥያቄና መልስ

እንደምን ዋላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው፤ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍሁት ግን አፋር ቆላ የአፈር ጉድጓድ ስቆፍር ነው። ሰሞኑን አንድ የአዘዞ ሰው፣ ወንድሙ በታችኛው አዋሽ በኩል ያገኘውን መሬት «ነጭ ነው፣ ጨው ነው» ብሎ ሊተወው መሆኑን ነገረኝ። አፈሩን አስመጥቼ አየሁት፤ ጨው ሳይሆን ኖራ ነው። ለካ ብዙ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም። ስለዚህ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኖራማ አፈር በምን ይታወቃል? ከደምቢያው ዋልካ ጋርስ ምን ያለያየዋል?

ኖራማ የምንለው ካልሲየም ካርቦኔት የበዛበትን አፈር ነው። ዝናብ ሲወርድ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል፤ ኖራውን እያሟሟ ወደ ታች ይወስደዋል። ጎንደር ላይ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ አብዛኛው ኖራ ታጥቦ ይሄዳል። ደናክል ውስጥ ግን ዝናቡ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፀሐይ የምታተነው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውሃው ጥቂት ወርዶ በመንገድ ይደርቃል፣ የያዘውንም ኖራ እዚያው ጥሎት ይቀራል። ይህ በሺህ ዓመታት ሲደጋገም ነጭ ንጣፍ ይሠራል። ዝናብ ባነሰ ቁጥር ንጣፉ ወደ ላይ ይቀርባል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ቆፍሬ ነጩ የት እንደጀመረ ሳይ ውሃው በአብዛኛው የት ድረስ እንደሚወርድ አውቃለሁ።

ዋልካም ቢሆን ጠለቅ ብሎ ለቆፈረው ነጫጭ የኖራ ጠጠር የሚያሳይበት ጊዜ አለ። የሚለያዩት በመጠን ነው። በዓለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ ኖራማ ንጣፍ የሚባለው ቢያንስ 15 በመቶ ኖራና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖረው ነው።

ጥያቄ፦ በዓይን ብቻ መለየት ይቻላል?

በከፊል። ጠጠር አንስታችሁ ገልብጡ። በረሃ ውስጥ ጥቁር የባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጠጠር ከጉድጓዱ ግድግዳ ሳወጣ ላዩ ንጹሕ ጥቁር ነው፤ ሆዱ ግን ነጭ ጢም አብቅሎ ይገኛል። ውሃ በጠጠሩ ዙሪያ ወርዶ ከሥሩ ይንጠለጠላል፣ እዚያው ይደርቃል። ጢሙ ቀጭን ከሆነ አፈሩ ወጣት ነው። ጠጠሮቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ አርጅቷል። ከሁሉም ያረጀው ዶማ የሚመልስ ድፍን ድንጋይ ይሆናል፤ ሥርም ውሃም አያልፈውም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ጨው አለመሆኑን ቤቴ ሆኜ እንዴት ላረጋግጥ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። የቡና ማንኪያ አፈር ሲኒ ላይ አድርጉ፣ ሎሚ ጨምቁበት፣ ሲኒውን ወደ ጆሮ አስጠጉ። ኖራ ካለው ይንተከተካል፣ ጥቃቅን አረፋም ያወጣል። ላቦራቶሪ ውስጥ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንጠቀማለን፤ የሎሚው ደከም ያለ ስለሆነ ትንሽ ታገሡት። ከምድጃ አጠገብ የተወሰደ አፈር ግን ያሳስታል፤ አመድም በሎሚ ይፈላልና።

ነጩ በበረሃ ሦስት ዓይነት ነው። ኖራ በሎሚ ይፈላል፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ጨው አይፈላም፣ በውሃ ወዲያው ይሟሟል፣ የከርሰ ምድር ውሃ ሲቀርብ ላዩ ላይ እንደ ቅርፊት ይወጣል። ጀሶም አይፈላም፣ በውሃም የሚሟሟው በጣም በዝግታ ነው። ሦስቱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲገኙ ብዙ ጊዜ በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። ኖራ ለመሟሟት አስቸጋሪ ስለሆነ ቀድሞ ከላይ ይቀራል፣ ጀሶ ከሥሩ፣ ጨው ከሁሉም በታች። ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ጨው ከላይ ከታየ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ እየመጣ ነው ማለት ነው። መካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ ላይ የደረሰው ይህ ነው። መስኖ ገባ፣ ትርፉን ውሃ የሚያወጣ ቦይ በበቂ አልተሠራም፣ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ አለ፣ ጨዉን ተሸክሞ ወጣ። ለዓመታት ጥጥ ያበቀለ መሬት ባዶ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መሬቱን የጎዳው ኖራው አልነበረም፤ መውጫ ያጣው ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ ዱብቲ ያለው አጎቴ ሎሚ ተክሎ ቅጠሉ ቢጫ ሆነበት። ዩሪያ ጨመረ፣ ባሰበት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቢጫ የሆነው አዲሱ ቅጠል ነው ወይስ አሮጌው? አዲሱ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ የብረት እጥረት ነው። አፈሩ ብረት አጥቶ ግን አይደለም። ኖራማ አፈር ፒኤቹ (ሲጨምር ኮምጣጣነቱ የሚቀንስ መለኪያ) ብዙ ጊዜ ከ7.5 እስከ 8.5 ነው፤ ፒኤች በአንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር የሚሟሟው ብረት ወደ ሺህ እጥፍ ይቀንሳል። ተክሉ ብረት ላይ ቆሞ ብረት ይራባል። ዚንክና ማንጋኒዝም እንዲሁ ይታሰራሉ።

ውሃ እንዳያበዛ ንገረው፤ ረግረግ ያለ ኖራማ አፈር ባይካርቦኔት ያበዛና ችግሩን ያባብሳል። ለጊዜው የብረት ሰልፌት በውሃ ቀጥኖ ቅጠሉ ላይ ይረጭ፣ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ። አፈር ውስጥ የሚጨመር የብረት ኪሌት (ብረቱን አቅፎ እንዳይታሰር የሚጠብቅ ውህድ) ከገዛ ኢዲዲኤችኤ የሚባለውን ይምረጥ፤ ኢዲቲኤ የሚባለው እዚህ ፒኤች ላይ ብረቱን አይዝም፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ሌላ ሎሚ የሚተክል ከሆነ በኮምጣጣ ብርቱካን ሥር ላይ የተዳቀለ ይፈልግ፤ ኖራ ይችላል።

ዩሪያውን ላዩ ላይ በትኖት ከሆነ በዚያ ሙቀትና በዚያ ፒኤች ብዙው አሞኒያ ሆኖ በኗል። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበረው፣ ወዲያው ያጠጣው።

ጥያቄ፦ ድኝ ጨምሮ ኖራውን ማጥፋት አይቻልም? የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው መክሮኝ ነበር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር 2600 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከዚህ አንድ በመቶው ኖራ ቢሆን 26 ቶን ነው፤ እሱን ለማጥፋት ከ80 ኩንታል በላይ ድኝ ይጠይቃል። 15 በመቶ ከሆነ ወደ 1250 ኩንታል። ይህን የሚከፍል ገበሬ የለም። ድኝ ከሥሩ አጠገብ በጠባብ መስመር ቢደረግ ጥቂት ይረዳል፤ ከዚያ በላይ ቃል የሚገባላችሁን አትመኑ።

ጀሶም ቢሆን ሶዲየም ለሌለበት ኖራማ አፈር አይጠቅምም። ፒኤቹ ከ8.5 ከዘለለ ግን ሶዲየም ሳይኖርበት አይቀርም፤ ያኔ ጀሶውም፣ የሚያጥበው ውሃም፣ ቦዩም አንድ ላይ ያስፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ ጎጃም ያሉ ዘመዶቻችን መሬታቸው ኮምጥጦ ኖራ በኩንታል ይገዛሉ። የበረሃውን ለምን አናመጣም?

የእርሻ ኖራ የሚመጣው ንጹሕ ከሆነ የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ነው። በረሃው አፈር ከሸክላና ከአሸዋ ጋር የተደባለቀ ነው፤ ማጓጓዣው ከጥቅሙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ጎንደር አራዳ አካባቢ፣ ከግንቡ ቅጥር ሥር የወሰድኩት አፈር በሎሚ ፈላ። እዚህም በረሃማ አፈር አለ ማለት ነው?

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። የለም፤ ያ የግንብ ሠሪዎቹ ኖራ ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከቆረቆሩ በኋላ ግንቦቹ የተያያዙት በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ በውሃ ተቦክቶ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ከአየር መልሶ ይወስድና እንደገና ካርቦኔት ይሆናል። ከግድግዳው የተፈረፈረው ነው ሲኒህ ውስጥ የፈላው። ከግንቡ ርቀህ፣ ፍርፋሪው ካልደረሰበት ቦታ ወስደህ ሞክር፣ ዝም ሊል ይችላል። ከግንቡ ላይ ግን እባክህ አትፋቅ።

ጥያቄ፦ የአፋሩ ኖራ ከየት መጣ? ባሕር ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ገብቶ ነበር፤ የባሕር ኮራል ቅሪት ዛሬም በዝቅታው ዳርቻ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይታያል። ከዚያ ሌላ የጥንት ሐይቆች ቀንድ አውጣ፣ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ፣ ከባዛልት የሚወጣ ካልሲየም አለ። ተፋሰሱ ዝግ ነው። አዋሽ ራሱ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የገባው አይወጣም። ለአያቶቻችን በግመልና በበቅሎ እስከ ጎንደር ገበያ ይመጣ የነበረው አሞሌም የዚሁ የዝቅታው ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ውጤቴ ፎስፈረስ በጣም ዝቅተኛ ይላል።

በየትኛው ዘዴ እንደተለካ ጠይቅ። ለኖራማ አፈር የኦልሰን ዘዴ ነው የሚሆነው፤ ብሬይ ለኮምጣጣ አፈር የተሠራ ስለሆነ አሲዱን ኖራው ይበላበታል። ማዳበሪያውን ደግሞ አትበትነው፣ ከዘሩ አጠገብ በመስመር አድርገው፤ ከኖራው ጋር በሰፊው ከተገናኘ ይታሰራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የአዘዞው ሰው ወንድም ምን ይዝራ? እኔ ነኝ ጠያቂው።

ጥጥ፣ ማሽላ፣ አልፋልፋ፤ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ተምር። አሳይታና አፋምቦ ተምር ለምዶታል። ኮምፖስት ይጨምርበት፣ አመድ ግን አይጨምር። ከመዝራቱ በፊት አንድ ሜትር ተኩል ጉድጓድ ያስቆፍር። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ግማሽ ኪሎ አፈር በየራሱ ፌስታል ያድርግ፣ ጥልቀቱን ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎ ይክተትበት፤ እስክሪብቶ በእርጥበት ይጠፋል። ጉድጓዱን በማግስቱ ጠዋት ሄዶ ይየው። ሥሩ ውሃ ካቆረ፣ ከላይ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ለክቶ አብሮ ይላክልኝ።