መሬቱ የአባት፣ በረቱ የማን?

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ ለብዙ ዘመን ጥብቅና ቆሜያለሁ። አሁን ፋይል መያዝ ትቻለሁ። ስለ ውርስ መሬት የሚጠይቀኝ ወጣት ግን ዛሬም አልጠፋም። ችግሩ፣ ብዙዎቻችሁ የምትመጡት ክሱ ከተከፈተ በኋላ ነው። የእኔ ምክር ደግሞ አባት በሕይወት እያለ የሚሠራ ነው።

ሐይቅ ከተማ አካባቢ አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። አባት የእርሻና የግጦሽ መሬት ትተው ሞቱ። ድርሻ አልተከፋፈለም። "እዚህ ያለው ይያዘው" ተባለና አገር ቤት የቀረው ልጅ ያዘው። አገባ። ከሚስቱ ጋር በረት ሠሩ፤ በሬ እያደለቡ ሸጡ፤ የቆርቆሮ ቤት ቆመ። የመጀመሪያዎቹን በሬዎች የገዙት የባልየው እህት ከዐረብ አገር በላከችው ብር ነው። ከዓመታት በኋላ ባልየው ሞተ። ሐዘኑ ሳይወጣ ወንድሞቹ መጡ። "መሬቱ የአባታችን ነው፤ ሴትየዋ ወደ ወላጆቿ ትሂድ" አሉ።

እንዲህ ያለ ክስ ስንቱን አየሁ!

ወንድሞቹ የያዙት ግማሹን እውነት ነው። በውርስ የመጣ ንብረት የወራሹ የግል ነው፤ ጋብቻ የጋራ አያደርገውም። ሌላውን ግማሽ ግን መስማት አይፈልጉም። ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ የባልና የሚስት የጋራ ነው። ሣሩ ከውርስ መሬት ቢታጨድም፣ የደለበው በሬ ሽያጭ የሁለቱ ነው። በዚያ ብር የተሠራው ቤትም እንደዚያው። በባል ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ፣ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ ሕጉ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ይባላል። ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ከፌስቡክ ንትርክ ይሻላል።

ሚስትም ብትሆን ሁሉም የእኔ ነው እንዳትል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ ባልና ሚስት አይወራረሱም። ከጋራው ንብረት ግማሹን ትወስዳለች። የሟች ድርሻ ለልጆቹ ይሄዳል። ልጆች ካሉ ወንድሞች ከእሱ ድርሻ የሚወርሱት የለም። የሚቀራቸው ክርክር ያልተከፋፈለው የአባታቸው ይዞታ ነው። እሱም ቢሆን በጊዜ ካልተጠየቀ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚል መከራከሪያ፣ ይመጣበታል።

የእህትየዋ ብርስ? እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። በሰው ቤት ስትለፋ ኖራ የላከችው ገንዘብ ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ ሽርክና? ሲላክ ማንም አልጠየቀም። "ለወንድሜ ነው" አለች፤ በቃ። ፍርድ ቤት ስትቀርብ እጇ ላይ ያለው የሐዋላ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ደግሞ ብር መላኩን እንጂ ለምን እንደተላከ አይናገርም። እስከዚያው በሬዎቹ ይሸጡና ወደ እኔና ወደ መሰሎቼ ኪስ ይገባሉ። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ደግሞ "ድርሻዬን ሸጥኩልህ" የሚል ወረቀት አትፈራረሙ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ ያላችሁ የይዞታ መብት ነው። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች መሬትን በመጠቀምና በመውረስ ከወንዶች እኩል ናቸው ይላል። "እሷማ ባል አላት" ብሎ እህትን ከድርሻ ማስወጣት የትም አያደርስም።

ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድም ይቻላል፤ ግን ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲስማሙ ነው። አንዷ እህት አልፈልግም ካለች ማንም አያስገድዳትም።

እኔ ብሆን ከፍርድ ቤት በፊት አባጋሮቹን፣ የወሎን አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ እጠራለሁ። ደም ያደረቁ ሰዎች የግጦሽ መሬት አያቅታቸውም። ዱዓው ተደርጎ፣ ቡናው ተጠጥቶ ስምምነት ሲደረስ ግን እዚያው ይጻፍ። ማን የቱን መሬት ያዘ፣ በረቱን ማን ሠራው፣ የእህት ብር ምንድን ነው፤ ሁሉም ይፈርም፣ ሚስትም ትፈርም። ከዚያ በማግስቱ ወረቀቱንና የይዞታ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ደብተሩ ላይ የማን ስምና ፎቶ እንዳለ እዚያው አረጋግጡ። አባት ካሉ እሳቸውንም ይዛችሁ ሂዱ።