ሞተር ይነሣል ወይስ ይጀምራል?

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ትልልቅ ሲንክሮነስ ሞተሮች (ከውስጣቸው ከሚዞረው መግነጢሳዊ መስክ ጋር በእኩል ፍጥነት የሚዞሩ) ነው፤ ከቆሙበት ሲነሡ የሚሆነውን በሒሳብ ሞዴል አሳያለሁ። ርዕሱ ላይ «ማስነሣት» ብዬ ነበር። አማካሪዬ «ይሄ የጋራዥ ቋንቋ ነው፤ ‹ማስጀመር› በለው» አሉኝ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ የእርስዎ ይሻላል። የጋራዥ ቃል መባሉም ለእኔ ስድብ አይደለም። ሞተርን አማርኛ ያስተማረው መካኒኩ ነው። «መኪናው አልነሣ አለኝ» እንላለን። «አልጀምር አለኝ» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ከሥሩ እንየው። ግእዙ «ነሥአ» ወሰደ ማለት ነው፤ «ተንሥአ» ሲሆን ተነሣ። የመውሰዱ ትርጉም «እንቅልፍ ነሣኝ» ስንል እስከ ዛሬ አለ። (ይሄ ለጥያቄዎ አያስፈልግም፤ ግን አላስችለኝ አለ።) በንጉሡ ሠ መጻፍዎንም ወድጄዋለሁ። በእሳቱ ሰ የሚጽፈው በዝቷል፤ መቆጣቱን ትቻለሁ።

«ጀመረ» ደግሞ ተሳቢ ይፈልጋል። «ሞተሩ ጀመረ» ቢሉኝ «ምኑን?» ማለቴ አይቀርም። «‹ስብሰባው ጀመረ› ይባል የለም ወይ?» ብለው የሚሞግቱኝ አሉ። ይባላል። እኔ «ተጀመረ» እላለሁ፤ በቁጥር ግን በልጠውኛል።

ከሰዋስው ይልቅ የሚረዳኝ የማሽኑ ጠባይ ነው። በ50 ኸርዝ፣ ባለ አራት መግነጢሳዊ ዋልታ ሞተር ውስጥ የስቴተሩ (የማይንቀሳቀሰው ክፍል) መግነጢሳዊ መስክ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል። ሮተሩ (መዞር ያለበት ክፍል) ግን ቆሟል። መስኩ ባለፈ ቁጥር አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከባዱ ሮተር ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነሣም። የሚያስነሡት ብዙ ጊዜ በሮተሩ ዋልታዎች ፊት ላይ የተቀበሩት የመዳብ ዘንጎች ናቸው፤ እንደ ኢንዳክሽን ሞተር፣ መስኩ ራሱ በሚፈጥርባቸው ከረንት ይገፉታል። ወደ 1500 ሲጠጋ ለሮተሩ የሽቦ ጥቅል ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር) ከረንት ይለቀቅለታል፤ ያኔ ከመስኩ ጋር ይቆላለፋል፣ እኩል ይዞራል።

ሞዴልዎም ይህንኑ ነው የሚከተለው። መሐንዲሱ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ዘዴ የስቴተሩን ቮልቴጅና ከረንት ከሮተሩ ጋር አብረው ወደሚዞሩ ሁለት አክሲሶች (የመለኪያ መስመሮች) ይለውጣሉ። ከዚያ ከሞተሩ ቶርክ (የማዞር ኃይል) የጭነቱን ይቀንሱና የሮተሩን ፍጥነት ያሰላሉ። ስሊፑ፣ ማለትም ሮተሩ ከመስኩ ፍጥነት ወደ ኋላ የቀረበት ድርሻ፣ ከ1 ተነሥቶ ወደ 0 ይወርዳል። አዩ? «ተነሥቶ» አልሁ፤ ሳላስበው ነው የወጣው።

ስለዚህ ሁለት ቃል ይያዙ፤ እስኪፈጥን ድረስ ላለው «ማስነሣት»፣ ለመጨረሻዋ ቅጽበት «ማቆላለፍ»። «ማስጀመር» ሁለቱንም አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። ለኮምፒውተሩ ስሌት ግን ይሁን፣ ስሌቱን ያስጀምሩት። «ማስጀመሪያ ቁልፍ» የሚለውም ለምዷል፤ ደስ ባይለኝም አልነካውም።

«ሲንክሮነስ» ይቆይ። ከግሪክ «ሲን» (አብሮ) እና «ክሮኖስ» (ጊዜ) የመጣ ነው። እኔ በፊት «እኩል ዟሪ» የሚል ቃል ፈጥሬ ለተማሪዎቼ ነግሬ ነበር። በጨዋነት ፈገግ አሉ፤ በፈተናው ወረቀት ላይ ሁሉም «ሲንክሮነስ» ብለው ጻፉ።